ሣጥኑ ያልቻለው ነገር

በእኔና በይርዳው ቢሮ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ቃል የሚያሳልፈው በአንደኛው በኩል የሚናገር፣ በሌላው በኩል የሚሰማ ሰው በአንድ ቅጽበት ሲገኙ ብቻ ነው። ቀድሞ የመጣውን ሌላኛው እስኪደርስ ከንፈሩን ይዞ ያቆየዋል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የእንጨት ሣጥን አለ። እዚያ ድምፅን አስቀምጦ መሄድ ይቻላል፤ ተቀባዩ ሲመቸው ክዳኑን ከፍቶ ይሰማል።

ሁለታችንም የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ነን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ከበቡሽ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩባቸውን ቋንቋዎች እንዳወዳድር አዘዙኝ። አንዳንዱ ቋንቋ እንደ ቀዳዳው ላኪና ተቀባይን ያገናኛል፤ አንዳንዱ እንደ ሣጥኑ መልእክቱን ተቀብሎ ላኪውን ያሰናብታል።

«ቀዳዳው የሚችለውን ሁሉ ሣጥኑ ይችላል?» አሉኝ።

«ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። እንደማይችል ግን አውቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት ይርዳው ሣጥኑ ውስጥ ድምፁን ትቶልኝ ነበር። «ፋናዬ፣ የምነግርሽ አለ። አንቺም ያለሽ ይመስለኛል። ቅደሚ።»

«አንተ ቅደም» ብዬ አስቀመጥኩ።

ዕድሜያችን እኩል ነው፤ የተቀጠርነውም በአንድ ቀን ነው። በር ላይ እንኳ «ግቢ»፣ «አንተ ግባ» ስንባባል ተማሪዎች ከኋላችን ይሰለፋሉ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ተባባልን። ሣጥኑ አንዱንም ሳያስቀር አደረሰ።

ቀዳዳው ግን ይመርጣል። ሁለት ሰዎች ለመናገርም ለመስማትም ተዘጋጅተው ቢቀርቡ፣ አንዱን ተናጋሪ፣ ሌላውን ሰሚ ያደርጋል። ይህን ለመጻፍ ምሳሌ ያስፈልገኝ ነበር። ምሳሌው እኔና ይርዳው ስለሆንን አፍሬ «ይችላል» ብዬ አለፍኩት። ቀድሜ ሄጄ ከንፈሬ ግድግዳ ላይ ተይዞ ሰው እንዳያየኝም ፈራሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት የይርዳው ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ዝውውሬ ጸድቋል፤ ነገ እሄዳለሁ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ቀዳዳው ጋ ነኝ።»

አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሮጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ ፈተና አመለጠሽ?» አሉኝ ዶክተር ከበቡሽ ኮሪደሩ ላይ።

«ጥናቴ ስሕተት ነው።»

«የሣጥኑ? እሱንማ እኔም ሳስተምረው ደስ አይለኝም ነበር። በይ ሂጂ።»

ከንፈሬን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። ከወዲያ ትንፋሹ ይሞቃል። ቀዳዳው እኔን መረጠ።

«እወድሃለሁ» አልኩ።

ቃሉ ሲያልፍ ተሰማኝ። የቀረው ድምፄም ተከትሎት አለፈ።

«እኔም» አለ ይርዳው ከግድግዳው ማዶ። ድምፄ እዚያው ሆኖ ሳቀ። እኔ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ የእሱ ቢሮ በር ተከፈተ፤ ሳቁ በደረጃው ወረደ። ሁለቱንም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

በመስኮት አየሁ። ዝናብ ይዘንባል። ይርዳው ጃንጥላውን ወደ ጎን ዘርግቶ እየተናገረ ይሄዳል፤ እሱ ራሱ በስብሷል። ከጃንጥላው ሥር ማንም የለም። ጭቃው ላይ ግን ከእሱ ዱካ ጎን ሌላ ጠባብ ዱካ እየታተመ ይሄድ ነበር።