የግራው ወንበር

መነጽር ሠሪዋ ጄት ልትገዛ መሆኑ የተሰማ ዕለት ታላቅ ወንድሟ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ የገዛ መነጽሯን በቀን ሦስቴ የምትፈልግ ሴት ምን ቆርጧት ነው ጄት የምታበረው? ይህን ፊት ለፊት አላላትም። ለታናሽ እህታቸው ደውሎ ነው ያለው። የታናሽቱ ሆድ ደግሞ ወሬ አይቋጥርም፤ ነገሩ ሰዓት ሳይሞላው መነጽር ሠሪዋ ጆሮ ገባ።

“የማበረው በጉልበቴ ነው እንዴ?” አለችና ወደ ሌንስ መሞረጃዋ ተመለሰች።

የመነጽር ቤቱ የሦስቱም ነው። ሌንሱ የሚሠራው እሷ ዘንድ ሲሆን በአምስት ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። ተራው ዓይን እዚያው በየቅርንጫፉ ይለካል። አስቸጋሪው ዓይን ግን፣ ሁለት ሰው ለክቶት ሁለት ዓይነት ቁጥር የሰጠው፣ እሷን ይጠብቃል። እሷም በየሳምንቱ የሌንስ ሣጥኗን ይዛ ትዞራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዞረችው በ“አሮጊቷ” ነው።

አሮጊቷ ፕሮፔለር የሚያዞሩ ሁለት የፒስተን ሞተሮች ያሏት አውሮፕላን ናት። ክፉ አይደለችም፤ ይህን መነጽር ሠሪዋም አትክድም። ግን ከመነሣቷ በፊት ሩብ ሰዓት መሞቅ አለባት፣ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ከደመና በላይ መውጣት አይሆንላትም። ስለዚህ ውስጡ ገብታ ትናወጣለች፣ ተሳፋሪውም አብሯት ይናወጣል። ታናሽቱ አንድ ጊዜ ተሳፍራ ሦስት ከረጢት ሙሉ አስመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ቅርንጫፍ ስትሄድ በአውቶቡስ ነው። መነጽር ሠሪዋ ራሷ ሦስት ሰዓት አብርራ ስታርፍ ጆሮዋ እየጮኸ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው የሰው ዓይን ልትለካ የምትቀመጠው። ባለፈው ዓመት እጇ እስኪረጋ ድረስ አንዲት ሽማግሌ ሴት አርባ ደቂቃ አስጠበቀች። በጣም አፈረች። ልቧ የቆረጠው ያን ዕለት ነው። ጄቷ ያንኑ መንገድ በአንድ ሰዓት ከሩብ ትጨርሰዋለች፣ ያውም ከደመናው በላይ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እያወራ።

ይህን ለታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ ለምትለው፣ ማስረዳት ግን ጨጓራ ይልጣል። አሮጊቷን መጀመሪያ ያበረራት እሱ ነው። እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። በልቡ ሕመም ምክንያት የማብረር ፈቃዱን ከተቀማ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በቀኙ ወንበር ተቀምጦ አቃቂር ማውጣት ሆኗል።

ካስተማራት ሁሉ አንዱ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል። ፒስተን ሞተር አየር ላይ ሲጠፋ ፕሮፔለሩ በነፋስ እየዞረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። አብራሪው የጠፋውን ሞተር በሰከንዶች ለይቶ፣ ማንሻውን ስቦ፣ ፕሮፔለሩን ካላቆመው ምድር ትቀርባለች። “የሞተ እግር፣ የሞተ ሞተር” እያለ ነበር የሚያስጠናት። አውሮፕላኑን ቀጥ ለማድረግ አንደኛው እግር ፔዳሉን ይገፋል፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው እግር ባለበት በኩል ያለው ሞተር ነው የጠፋው ማለቱ ነው። ከዚያ እጅ መብረር አለበት። ቀርፋፋ እጅ ቀባሪ ነው ይል ነበር ጋሼ፣ እሷም አምናው ኖራለች።

በመጨረሻ ጄቷ ትገዛ አለ። ግን በግራው ወንበር፣ በአዛዡ ቦታ፣ ተቀጣሪ ካፒቴን ይቀመጥ። ካፒቴኑንም አግኝቶታል፤ ጡረታ የወጣ፣ ከስልክ ወዲያ ማዶ እንኳ ደረቱን የነፋ የሚመስል ሰው ነው። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ሌንሷን ትወልውል።

“ጄት ገዝቼ ሾፌር ልቅጠር?” አለች።

“አንቺ ልጅ፣ አንቺ እኮ የፒስተን ሰው ነሽ። ጄት ሌላ ነው።”

“ሌላ ከሆነ እማረዋለኋ።”

“በዚህ ዕድሜሽ?”

“በዚህ ዕድሜዬ መኪና በቅጡ ማቆም አልቻልኩም ጋሼ፣ አውሮፕላን ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሳርፌያለሁ።”

ሄዳ ተማረች። አሠልጣኙ ልጇ ሊሆን የሚችል ለስላሳ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሲሙሌተሩ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተተክሎ እንደ እውነተኛው አውሮፕላን በሚናወጠው ክፍል፣ ሳይነግራት አንዱን ሞተር አጠፋባት። እጇ በረረ። አሮጊቷ ላይ ስድስት ማንሻ አለ፣ ጄቷ ላይ ሁለት ብቻ፣ ለየሞተሩ አንድ። እጇ የሌለውን የፕሮፔለር ማንሻ ፈልጎ ሲያጣ ያገኘውን ሳበ። የሳበው የሚሠራውን ሞተር ማንሻ ነበር።

“ሞተዋል” አላት አሠልጣኙ በትሕትና።

በማግሥቱም ሞተች። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። “እዚህ የሚጎትትዎ ፕሮፔለር የለም። ምን ያስቸኩልዎታል? ቀጥ አድርገው ይውጡ፣ አራት መቶ ጫማ ከፍታ ሳይደርሱ ምንም አይንኩ። እጅዎ አልሰማ ካለ ይቀመጡበት።”

ተቀመጠችበት። የምሬን ነው፣ ቀኝ እጇን ከጭኗ ሥር ከትታ ነው የበረረችው። ስንት ዓመት የተመሰገነችበትን ፍጥነት ከእጇ ላይ መንቀል ጥርስ እንደ መንቀል ሆነባት። ግን ነቀለችው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ፈቃዷን ይዛ ስትመለስ ጋሼ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየ።

“ወረቀት ነው” አለ። “አንድ ቀን አጠገብሽ ልቀመጥ። ካልጣመኝ ካፒቴኑ ሰኞ ይጀምራል።”

ደሟ ፈላ። ግን ታናሽቱ የጋሼን አፍ አይታ ነው የምትናገረው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከቆሙ ደግሞ የንብረቱ ሁለት ሦስተኛ የእነሱ ነው።

“ይቀመጡ” አለችው። “እጅዎን ግን ሰብስበው ይቀመጡ።”

ቅዳሜ ጠዋት ሜካኒካቸው ከአውሮፕላኖቹ መጋዘን በር ላይ ጠበቃቸው። አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ ከኪሱ ስለማይጠፋ ስሙም “አሥራ ሦስት” ሆኖ ቀርቷል። ጋሼ ጄቷን ሁለቴ ዞራት፣ የሚንጠባጠብ ዘይት ፈልጎ አጣ፣ ቅር እያለው ገባ።

“ሞተሩ አይሞቅም?”

“ሞቋል ጋሼ።”

“መቼ?”

“እርስዎ ቀበቶ ሲያስሩ።”

መንደርደር ጀመሩ። ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ የለጠፈው ግፊት ጋሼን እንኳ አቃቂሩን አስረሳው። ጎማው ከምድር ተላቀቀ። ወዲያው ከሣሩ ዳር የወፍ መንጋ ግር ብሎ ተነሣ፣ ከኋላቸው አንድ ነገር ጓ አለ፣ የጄቷ አፍንጫ ወደ ቀኝ ተንሻፈፈ። ግራ እግሯ ሳታዘው ፔዳሉን ገፋ። ቀኝ እግሯ ሥራ ፈት ሆነ። የጠፋው የቀኙ ነው።

የጋሼ እጅ ያኔ በረረ። አርባ ዓመት የተገራ እጅ ነው፣ ማንንም አያስፈቅድም። ማንሻውን ጨብጦ ሊስብ ሲል መነጽር ሠሪዋ የእጁን ጀርባ በጥፊ አለችው።

“ይተዉት።”

አንቱታው አልጎደለም፤ ጥፊው ግን ጥፊ ነበር። እጁ ማንሻውን ለቀቀ። እሷም የራሷን እጅ ከማንሻው አርቃ፣ የጄቷን አፍንጫ ቀጥ አድርጋ፣ ጎማውን አስገብታ ጠበቀች። ፈርታለች። ቢሆንም ጠበቀች። ሁለት መቶ ጫማ። ጄቷ በአንድ ሞተር ትወጣለች። ሦስት መቶ። ጋሼ ላብ ወርሶታል፣ ምንም የማይሠራ ሰው አጠገብ መቀመጥ እንዲህ አስጨንቆት አያውቅም። አራት መቶ። ያን ጊዜ እጇን ሰደደች፣ ማንሻውን በዓይኗ አየች፣ በስሙ ጠራችው፣ “ቀኝ” አለች፣ የቀኙን ዘጋች። ከዚያ ለመቆጣጠሪያ ማማው ነገረች፣ ዞረች፣ ተመልሳ አረፈች። አስፋልቱን የነካችው በለሆሳስ ነው፣ እሷ ራሷ እንኳ ገረማት።

መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ጋሼ ወርዶ ሄደና አሮጊቷ ክንፍ ሥር ካለው የመፍቻ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። አሥራ ሦስት የቀኙን ሞተር በባትሪ አብርቶ አየ፣ ሁለት የተጠማዘዙ የሞተሩ ማራገቢያ ክንፎችና እፍኝ የማይሞላ ላባ አሳያት። እሷም አይታ ወደ ወንድሟ ሄደች።

ጋሼ የቀላውን የእጁን ጀርባ ያሻል።

“የቱን ነበር የያዝኩት?” አለ።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። አላየሁም ማለትም ይበቃ ነበር፤ ሰባ ዓመት የሞላው፣ ልቡ የደከመ ወንድሟ ነው፣ ትወደዋለች። ግን ሰኞ የሚመጣው ካፒቴን ትዝ አላት፣ እኒያ አርባ ደቂቃ የጠበቁት ሴትዮም ትዝ አሏት።

“የሚሠራውን” አለችው።

አንገቱን ደፋ። እሷም አጠገቡ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። “እኔም ሲሙሌተሩ ላይ ሁለቴ ይዤዋለሁ ጋሼ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ ሌላ የት እለምደዋለሁ? ግን ሦስት ሳምንት እጄ ላይ ተቀምጬ ተውኩት።”

ከኋላቸው አሥራ ሦስት ላባውን ከሞተሩ ውስጥ እየለቀመ ወረቀት ላይ ያስቀምጣል። ጋሼ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

“ለካፒቴኑ ልደውልና ወንበሩ ሰው ይዞታል ልበለው” አለ።

“ይደውሉለት፣ ሰውየው በከንቱ እንዳይጠብቅ” አለች መነጽር ሠሪዋ እየተነሣች። “ቢደውሉም ባይደውሉም ግን የምቀመጠው እኔ ነኝ።”

ሣጥኗን ከጄቷ አውርዳ ወደ አሮጊቷ ጫነች። በአንደኛው ከተማ አራት ሰው ቀጠሮ ይዞ ይጠብቃታል። ጋሼ ደውሎ ሲጨርስ የአሮጊቷን የቀኝ በር ሊከፍት እጁን ሰደደ፣ ከዚያ ቆም ብሎ አያት።

“ይግቡ” አለችው። “ይቺን እስክናሞቃት ሩብ ሰዓት አለን።”