የእናትነሽ ኩላሊት

ነርሷ መርፌዎቹን ከቄስ ሠረቀብርሃን ክንድ ነቅላ ጥጥ ስትይዝላቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ጌታሰው ወረቀት እያውለበለበ ገባ። ከመዘዞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ድረስ የመጣው ኩላሊቱን ሊሰጣቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ደማችን ገጠመ! የቀረው የአዲስ አበባው ምርመራ ነው። ዓርብ እንሄዳለን።»

ለቄሱ የመጀመሪያውን ኩላሊት የሰጠቻቸው ታላቅ እህታቸው እናትነሽ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ያ ኩላሊት ሦስት ዓመት ሠርቶ ቆመ፤ አሁን ደማቸውን በሳምንት ሦስት ቀን የሚያጥበው ማሽን ነው።

«ሰውነቱ አልቀበል ብሎ ነው አሉ» አለች እናትነሽ። «የዚህንም አልቀበል ቢልስ?»

«ጥፋቱ የሰውነቴ አይደለም፤ የእኔ ነው» አሉ ቄሱ።

ሁለቱም አፍጥጠው አዩአቸው።

«ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይጥል የታዘዘልኝ መድኃኒት ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር የሚዋጠው። በቅዳሴ ቀን ግን አልውጥም ነበር። ውሃ በአፌ አስገብቼ እንዴት መቅደስ እገባለሁ? በጾም ቅዳሴ ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ያን ጊዜ እውጥ ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ በሰዓቱ ነው እለው ነበር።»

እናትነሽ ብድግ አለች። «ጎኔን ተቀድጄ የሰጠሁህን ኩላሊት ጾም አስጾምክብኝ? የንስሐ አባትህን አትጠይቅም ነበር?»

«ብጠይቅማ ታመሃልና አትቀድስ ይሉኛል። አንኮበር በደብራችን ያለነው ሁለት ቄስ ነን። አንዳችን ከቀረን ቅዳሴው ይታጎላል።»

«ይታጎላ! ስትሞትስ አይታጎልም?»

ቄሱ የባሰውን አልነገሯትም። ምእመናኑ «ይህ ቄስ ታምሞም አይቀር» ሲሉ መስማት ደስ ይላቸው ነበር፤ የእህታቸው ኩላሊት የሞተው ግማሹ ለዚያ ወሬ ነው።

ጌታሰው ወረቀቱን አጣጠፈ። «ያለፈው አለፈ፣ ጋሼ። የእኔን ይውሰዱ። ብቻ ከእንግዲህ ላይቀድሱ ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃል? ለሐኪሙም ሲገባ ነበር!» አለች እናትነሽ።

ቄሱ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ቀላል ነበር። ግን እሑድ ሌሊት ደወሉ ሲደወል፣ ሁለተኛው ቄስ ብቻውን ቆሞ ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁታል። ጌታሰው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ልጁ ገና ጡት አልጣለችም።

«ወደ ልጆችህ ተመለስ» አሉት።

«ጋሼ!»

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ነርሷ አዞሩ።

«ሲስተር፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?»