የአሰገደች የብረት በር

አሰገደች ቤቷን የምትጠግነው እንዲያምርላት ብላ ሳይሆን ማንም እንዳይገባበት ብላ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ጅጅጋ በጭስ በታፈነችበት ቀን፣ የእንጨት በሯ ሦስት ምት እንኳ አልቻለም። በሶማሊኛ እየጮኹ ሰብረው የገቡት ጎረምሶች ባሏን ገብረክርስቶስን ከአልጋ ሥር በእግሩ ጎትተው አወጡና ዓይኗ እያየ ቀጠቀጡት። ዓመት ሳይሞላው በዚያው ጠንቅ አረፈ። እሷንና የሦስት ወር ልጇን ሀይማኖትን ጎረቤቷ ኤልሚ፣ ብረት በያጁ፣ ከላሜራ ክምር ኋላ ሦስት ቀን ደብቆ አተረፋቸው።

ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የቀራት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህችን ልጅ በሕይወት ማሳደግ። የብረት በር አስገጠመች። ሁለቱንም መስኮት በፍርግርግ አስበየደች። ኤልሚ አንዱን ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ላድርገው ቢላት፣ የሚከፈት ነገር ሁሉ ለሌላም ይከፈታል ብላ እምቢ አለችው።

«ዋላል፣ እስር ቤት እንኳ መውጫ አለው» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው።

«እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሕይወት አለ» አለችው።

ሌላውን ብልሽት ራሷ ትጠግናለች። ጣሪያው ሲያፈስ ሬንጅ ትቀባለች፣ ሶኬቱ ብልጭ ሲል በናስትሮ ትጠቀልላለች። በሩ በራሱ ክብደት ረግቦ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ባለ ጊዜም ማጠፊያውን ማስነሳት ሲገባት በመዶሻ እየመታች ታስገባው ጀመር። ሀይማኖትም አይታ ተማረች። ሰባት ዓመት ሲሞላት እንደ እናቷ መታ መታ አድርጋ መቀርቀር ቻለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ የውሃ ቦቴ መንገዱ ጥግ ቆመ። አሰገደች ጄሪካኖቿን አንጠልጥላ ስትወጣ ልጅቷን እኔ ካልጠራሁሽ ለማንም አትክፈቺ አለቻት። የመዶሻውን ድምፅ ከውጭ ሰምታ ልቧ ረጋ። የአጥሩንም በር በቁልፍ ቆለፈች።

ስትመለስ በመስኮቱ ፍርግርግ ጥቁር ጭስ ይወጣል። በናስትሮ የተጠቀለለው ሶኬት ተያይዞ፣ አጠገቡ የነበረው የስፖንጅ ፍራሽ እየነደደ ነበር። የአጥሩን በር ከፍታ ገባችና በልማድ መልሳ ከውስጥ ቆለፈችው። ልጅቷ በሩ ሥር ሆና ታስላለች። መቀርቀሪያው አልላቀቅ ብሏታል፤ በመዶሻ የገባ ብረት በሕፃን ጣት አይወጣም። አሰገደች ከግቢው መጥረቢያ አንስታ በሩን ትመታው ጀመር። በሩ ግን ሰው እንዳይሰብረው የተሠራ ነውና ጮኸ እንጂ አልተነቃነቀም።

ኤልሚና ወንድሙ ዴቅ ጭሱን አይተው በአጥሩ ዘለው ገቡ። ፊታቸውን ከጭሱ በሽርጥ ሸፍነዋል፤ አንዱ መርቴሎ፣ ሌላው ዲጅኖ ይዟል። ዞር በይ እያሉ በሶማሊኛ ይጮኻሉ። አሰገደች ሶማሊኛ ታውቃለች፤ በዚያች ቅጽበት ግን ጆሮዋ የሰማው የዚያን ዓመት ጩኸት ነበር። እባብ ያየ በልጥ ይበረግጋል። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መጥረቢያውን ወዘወዘች። ኤልሚ ሊይዛት ግራ እጁን ሲዘረጋ አሳረፈችበት። ሁለት ጣቶቹ ከመዳፉ ተለይተው አመድማው አፈር ላይ ወደቁ።

ዴቅ በጸጉሯ ጎትቶ መሬት ላይ ደፋት፤ ጉልበቱንም ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። አፏ አፈር ሞልቶ መርቴሎው ብሎኬቱን ሲደበድብ ትሰማለች። ልጄን ሊገድሉ ገቡ ብላ የዴቅን እጅ ነከሰች፤ ደሙ ጥርሷ ላይ ቀረ። ኤልሚ በአንድ እጁና በክርኑ መርቴሎውን እያወረደ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ ናደው። በደረቱ ተሳበና ገባ። ሲወጣ ጸጉሯ የተለበለበ፣ መዳፎቿ የተላጡ ሀይማኖትን በጥርሱ ቀሚሷን ነክሶ ይጎትት ነበር። ሽርጡ ከፊቱ ወድቋል። አሰገደች ያኔ አወቀችው።

በስምንተኛው ቀን አሰገደች ከፈረሰው ግድግዳ አንድ ብሎኬት አንስታ አንገቷ ላይ ተሸከመች። በአባቷ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። መዳፎቿ በፋሻ የተጠቀለሉ ሀይማኖት ከኋላዋ ተከተለች።

የኤልሚ ሚስት ፋርቱን በግቢዋ በርበሬ ትወቅጣለች። የባሏን ጣቶች የቆረጠችው ሴት ድንጋይ ተሸክማ ወደተኛበት ስትመጣ አየች። ልትጨርሰው መጣች ብላ ዘነዘናውን ይዛ ተነሣች። የመጀመሪያው ምት አሰገደችን ትከሻዋ ላይ አገኛት፤ ሁለተኛው ቅንድቧን ሰነጠቀው። አሰገደች ተንበረከከች እንጂ ብሎኬቱን አላወረደችም። ይቅርታ የሚሰጥህ ሰው ሳያወርድልህ አታወርድም። አፏንም አልከፈተችም፤ ይገባኛል ብላለች።

ዘነዘናው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ሀይማኖት መሀል ገባች። በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ዘርግታ በሶማሊኛ፣ እዚሁ ሰፈር በተማረችው በጥሩ ሶማሊኛ፣ ፋርቱንን ኤዶ፣ አክስቴ፣ ብላ ተናገረች።

«አትምቻት፣ ኤዶ። በእነሱ አገር ሲያፍሩ ነው ድንጋይ የሚሸከሙት።»

ፋርቱን «በእነሱ አገር» ያለችውን ልጅ አየቻት። የተለበለበውን ጸጉሯን፣ ባሏ ጣቶቹን ትቶ ያወጣትን ገላ አየችው። ዘነዘናውን መሬት ላይ ጣለችና ወደ ውስጥ ጮኻ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። የኤልሚ መልስ በዝግታ መጣ፤ አውርጂላት፣ ካላወረድሽላት እዚያው ትሞታለች።

ፋርቱን ብሎኬቱን በሁለት እጇ ከአሰገደች አንገት አነሣችው። አሰገደች ግን ቶሎ ቀና አላለችም፤ ደሟ ከቅንድቧ በልጇ እግር ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሀይማኖትም ቆማ ትቆጣታለች፣ «እማዬ፣ ተነሺ በቃ፣ ሰው ያየናል።»