የእትዬ ጸሐይወርቅ መጥረጊያ

ባሌ ዮናታን ሁለት ፒክአፕ ገዝቶ የገባ ዕለት ትዳሬን ለእመቤቴ አደራ ሰጠሁ። ፒክአፕ ማለት ከጊታር ክር ሥር የምትቀመጥ፣ ድምፁን ለአምፕሊፋየር የምታቀብል ማግኔት ናት። የድሮዋ በሰው ሰርግ መሐል እሪ ብላ አዋርዳዋለች። የባንዱ አለቃ ወልደ ሚካኤል ደግሞ ጊታር የሚያስመስል ኪቦርድ ገዝቷል። ያኔ፣ በዘጠናዎቹ መሐል፣ ኪቦርድ የገዛ ሁሉ ብቻውን ባንድ ነበር።

"ቅዳሜ እሪ ካለች፣ ያንተን ሥራ በአንድ ጣቴ እሠራዋለሁ" አለው።

ዮናታን ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳው ለቅዳሜዋ ብሎ ነው። እሷን ከቀሙት የሚተርፈኝ ግማሽ ባል ነው፤ እሱን ምን ላድርገው?

ሁለቱም ሃምባከር የሚባሉት ናቸው፤ ጉምጉምታ አያሰሙም። አንዷ ቁጡ፣ ሌላዋ ጨዋ ናት ይላል እሱ። ለእኔ ጆሮ ያው ናቸው። ባለሱቁ አንዷን እስከ አርብ ሪተርን ማድረግ ትችላለህ ብሎታል። ስለዚህ የምግብ ጠረጴዛዬን በብየዳ እያቃጠለ፣ አንዷን እየነቀለ ሌላዋን እየተከለ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው ቤታችን የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይፈትናል። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይገድለዋል። "ሁለቱም ቆንጆ ናቸው፣ እጅህ ይባረክ!" ይላል። እህቱ የምሥራችማ ገና ክሩን ሳይነካው "ውይ ሲያምር!" አለች።

ይሉኝታ የሌለው አንድ ብቻ ተገኘ፤ የታችኛዋ ጎረቤታችን የእትዬ ጸሐይወርቅ መጥረጊያ። ቁጡዋ ስትገጠም ጧ! ጧ! ጣሪያቸውን ይደበድቡታል። ጨዋዋ ስትገጠም ጸጥ። ደጋግመን ሞከርን፣ ያው ነው።

"በቃ፣ ጨዋዋ ናት! እሳቸው የታገሷትን ሰርገኛ አይጠላትም" አለ ዮናታን።

አርብ ቁጡዋን በፌስታል ይዞ ሊመልሳት ወጣ። እኔ ልብስ ላጥብ ስወርድ እትዬን ኤሌቬተር ውስጥ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አንገቴን ስደፋ ቀደሙኝ።

"ስመኝ፣ ባልሽን አሞታል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው። ምነው እትዬ?"

"ሞቅ ሲያደርገው እኔም በመጥረጊያዬ አጅበው ነበር። ትናንትማ ምን ነክቶት ነው? እንቅልፍ ወሰደኝ።"

"እኛ እኮ ዝም በሉ ያሉን መስሎን ነው ማግኔቷን በሌላ የለወጥናት!"

"ዝም በሉ ለማለት ስልክ የለኝም? ያቺ የትናንቷ ትከሻዬን እንኳን አልቀሰቀሰችው።"

ወይ ጉዴ! የልብሱን ቅርጫት እዚያው ጥዬ በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ሮጥኩ። ዮናታን የተሳፈረበት ባስ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

"ዮናታን ውረድ! ተሳስተናል!"

የባሱ ሰው ሁሉ ቅናት ያሳበዳት ሚስት መስዬው አፍጥጦ አየኝ። ዮናታን እያፈረ ወረደ። ቤት ገብቶ ጨዋዋን ነቀላት፣ ሱቁ ሳይዘጋም መለሳት።

ቅዳሜ ዌስተን ያለው አዳራሽ ጢም ብሏል። እትዬ ጸሐይወርቅ የሙሽራዋ አክስት ናቸውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ወልደ ሚካኤል ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አንዣብቦ የዮናታንን ውርደት ይጠብቃል። ዮናታን ክሩን መታው። ቁጡዋ እሪ አላለችም፤ ዘፈነች እንጂ! እትዬ ብድግ ብለው በከዘራቸው ወለሉን ጧ! ጧ! አደረጉት። ከዚያ ትከሻቸው ተነሣ፣ አዳራሹም ተከተላቸው። ወልደ ሚካኤል ያችን ጣቱን ሰብስቦ ማጨብጨብ ያዘ።

"የሬክስዴሉ ሰርግ ላይ እንዳትቀር" አለው ሲጨርሱ። አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ።

እሑድ ከሰዓት ዮናታን ሙሉ ባል ሆኖ ጊታሩን ሲያነሣ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

"ስመኝ፣ የትናንቱ እስክስታ ወገቤን ቆርጦኛል። እባክሽ ያቺን የምታስተኛዋን ግጠምላቸው በይው።"

ምን ዋጋ አለው፣ እሷን መልሰናታል።