ወፍራሙና ቀጭኑ የአገር ታሪክ

መጽሐፍ ጠራዧ አሮጊት ፊደል አትለይም፤ መጽሐፍን ግን በእጇ ታውቃለች። አርባ ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው የገነጠለውን ሁሉ ሰፍታ አቁማለች፤ ኩራቷም ከጣሪያ በላይ ነው። አንድ ሰው ብቻ እንቅልፍ ይነሳታል፤ የምራቷ እናት። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰቅላ ማውራት ስትጀምር ጠራዧ የያዘችውን ክር በጥርሷ ትበጥሳለች።

የጋራ የልጅ ልጃቸው እሑድ ከሰዓት ጠራዧ ቤት እየመጣች ታነብላት ነበር። ጠራዧ ራሷ የገዛችው ቀጭን የአገር ታሪክ ነው፤ ሥዕል ያለበት፣ ለማንም ሰው የሚገባ። ከዚያ መምህርቷ ከራሷ መደርደሪያ ምሁራን የጻፉትን፣ ግማሽ ገጹ የግርጌ ማስታወሻ የሆነውን ወፍራም ታሪክ ለልጅቷ ሰጠቻት፤ «እኔ ቤት እየመጣሽ አንብቢው» ብላ። ልጅቷ ሁለት እሑድ ቀረች። ጠራዧ ሁለቱንም እሑድ በሩን ስታይ ዋለች።

በሦስተኛው ልጅቷና መምህርቷ አብረው መጡ። የወፍራሙ ሽፋን ተገንጥሏል።

«ይቺን ይስፉልን» አለች መምህርቷ። «ቀጭኑም ክፉ አይደለም፤ ለጀማሪ ይሆናል። ቁም ነገር ለሚፈልግ ግን ማስረጃ ያለው ይሻላል።»

«ያልበላኝን አይከኩልኝ» አለች ጠራዧ።

መጽሐፉን ተቀብላ እንደ ልማዷ የገጾቹን ጠርዝ አየች። እጅ የከረመበት ጠርዝ ያድፋል። የዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ፣ አንድ ጣት ያህሉ፣ ጠቁሯል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ነጭ ነው።

ፊቷ በራ። «እትዬ መምህር! ለዚህች ለአንድ ጣት ነው ይሄ ሁሉ መንቀባረር?»

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። «ምን ላድርግ፣ ሃያ ዓመት ሞከርኩት። እንቅልፍ ያመጣብኛል።»

«እኔም እኮ ሰልችቶኝ ነበር!» ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «እትዬን እንዳይከፋት ብዬ ነው። እማማ፣ ቀጭኑን አምጪው!»

«እንግዲያው እኔም ልስማ» ብላ መምህርቷ ወንበር ሳበች።

ጠራዧ ድሏን ሳታጣጥመው መረረባት። ልጅቷ አንድ መስመር ባነበበች ቁጥር መምህርቷ «ይህን ማን ነገረው? የት አገኘው?» ትላለች፤ ልጅቷም ወደ እሷ ዞራ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ትስቃለች። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጠራዧ የልጅቷን ጀርባ ብቻ ነበር የምታየው።

«ዝጊው!» አለች።

«ምነው እማማ?»

«ወፍራሙን እናነባለን። እሷ ካቆመችበት ጀምሪ።»

«እንቅልፍ ይጥልዎታል» አለች መምህርቷ።

«እንቅልፍ ለተማረ ነው!»

ሽፋኑን እንደ ነገሩ ወጋ ወጋ አድርጋ ሰጠቻት። ልጅቷ ከነጩ ገጽ ጀመረች። ከሁለት ቃል አንዱ ለጠራዧ አይገባትም፤ ዐይኗን ግን አልከደነችም፤ መምህርቷን ትጠብቃለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ መነጽሩ ከአፍንጫዋ ወርዶ ጭኗ ላይ አረፈ፤ ማንኮራፋቱም ተከተለ።

ጠራዧ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለቻት፤ «እንዳትቀሰቅሻት።»