ድንቅነሽ ክፍልፋይ የተማረችበት ክረምት

መምህር አራጋውን ስትሮክ ከመታው በሦስተኛው ሳምንት ነው ነገሩ የታወቀው። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ኪኒን እንዲውጥ አዞለት ነበር። ሚስቱ ድንቅነሽ ኪኒኑን በቢላዋ ለሁለት ከፍላ አንዱን ቁራጭ መዳፉ ላይ አኖረችና፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «ይሄ ስንት ነው፣ የሶረቲ አባት?» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ።

መዳፉን አየ። ጠረጴዛው ላይ የቀረውንም ቁራጭ አየ።

«ሁለት» አላት።

«ግማሽ ነው እንጂ።»

«ግማሽ» ሲል ደገመው። ቃሉን እንደማያውቀው ሰው ስም ነበር የጠራው።

አራጋው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ ከቤተሰቡ ጋር ወለጋ፣ ኪራሙ ሲሰፍር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አስተማሪ ሆኖ ጉቴ ጀመረ፤ ከዚያ ነቀምቴ ገባ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሒሳብ አስተማረ። መንገድ ሲወጣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የባንኩ ዘበኛም «ባርሲሳ» እያለ ነበር የሚያቆመው፤ መምህሬ ማለቱ ነው። ያ ሰው አሁን ግማሽ ኪኒን መቁጠር አቃተው።

ሆስፒታል እጅና እግሩን የምታሠራው ባለሙያ ሐሴትም ድሮ ተማሪው ነበረች። ድንቅነሽ የግማሹን ኪኒን ነገር ስትነግራት፣ «አዴ፣ እጅና እግራቸውን ብቻ አያሠሯቸው» አለቻት፤ ወይዘሮ ማለቷ ነው። «የሚወዱትንም ያሠሯቸው። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ግን አእምሮም እንደ እጅ ነው፤ ሲሠራ ይፍታታል።»

እሱ የሚወደው ሒሳብ ነው። ድንቅነሽ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። የከተማው ልጅ ሁሉ ከእሱ ሲማር እሷ ደብተር ስታቀብለው ኖረች እንጂ፣ እሱም ላስተምርሽ አላለ፣ እሷም አስተምረኝ አላለችም።

የጎረቤቷን ልጅ ሆሳዕናን የአምና የስድስተኛ ክፍል መጽሐፏን ለመነቻት። መጽሐፉ በአፍ መፍቻዋ በኦሮምኛ ስለነበር ማንበቡ አልከበዳትም፤ የከበዳት ከመስመሩ በላይና በታች የተቀመጡት ቁጥሮች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከሆሳዕና ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ለባሏ ታስተምራለች።

አንድ ጠዋት ግማሽና ሲሶን ስትደምር ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ «ሁለት አምስተኛ» አለች። ሆሳዕና ሳቋን ዋጠች።

«አዴ ድንቅነሽ፣ ግማሽ ዳቦ በልተው ሌላ ሲጨምሩበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?»

ድንቅነሽ አሰበችው። «እውነትሽን ነው» አለች። «ሌባ አለበት።»

ያን ቀን እውነተኛ ዳቦ ገዝታ ለአራጋው ስምንት ቦታ ቆረጠችለት። «ሦስት ስምንተኛውን ስጠኝ።» ብዙ ካየ በኋላ አንዱን ቁራጭ አንሥቶ ጎረሰ። እሷም ሌላውን ጎረሰችና ከሰባቱ... ከስድስቱ... ብላ እሷም ጠፋባት።

እንዲያ እያሉ ሐምሌ አለቀ። ግማሹ ተመለሰ፤ ከዚያ ሩቡ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለቱም ይጠፉና እርሳሱን ይወረውረዋል። አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ አውቀው ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። እኔ ደግሞ አላውቀውም ነበር። አሁን እኩል ነን።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፐርሰንት ደረሱ። ጥያቄው ሁለት መቶ ተማሪ ስለነበረው ትምህርት ቤት ነው፤ በዓመቱ ሃያ በመቶ ጨመረ፣ በተከታዩ ዓመት ሃያ በመቶ ቀነሰ። ድንቅነሽ ከሆሳዕና ጋር ገና አልሠራችውም ነበር፤ ግን ቀላል መሰላት። የወጣው ወረደ ብላ «ሁለት መቶ» ስትጽፍ፣ አራጋው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

«አይደለም።»

«ነው እንጂ። ሃያ ጨመረ፣ ሃያ ቀነሰ።»

«ድንቄ።» ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። «ሃያ በመቶ... ከስንት ላይ?»

እርሳሱን በደህናው በግራ እጁ ወሰደ። ጽሕፈቱ እንደ ጀማሪ ልጅ ተንጋደደ፤ ቢሆንም 240 ብሎ ጻፈ። «ሲጨምር ከሁለት መቶ ነው። አርባ። ሲቀንስ ግን... ከዚህ ነው።» ከሥሩ 48 አስቀመጠ። እዚያ ላይ ቆመ። ቁጥሮቹን ደጋግሞ ቢያያቸውም መቀነሱ እምቢ አለው።

ድንቅነሽ እርሳሱን ቀስ ብላ ተቀበለችው፤ ከጎረቤት ቁጥር ተበድራ ቀነሰችና 192 ብላ ጻፈች።

«እንደሱ» አላት።

ፊቷን ወደ ጓሮው መለሰች። ኋላ ለሆሳዕና «ተሳስቼ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም» ብላታለች።

አራጋው ወደ ክፍል አልተመለሰም። ቀኝ እጁም እንደ ታጠፈ ቀረ፤ ረዣዥም ቁጥር ማካፈልም አልሆነለትም። መስከረም ላይ ድንቅነሽ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች፤ የቤት ሥራዋን የሚያርመው እሱ ሆነ። አንድ መልስ ለማረም ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እሷም አታጣድፈውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ስድስት ሰጣት።

«የሰባተኛውን ጥያቄ መንገዱን ይዤው ነበር» አለችው። «ትንሽ አትጨምርልኝም?»

«መንገዱን ይዘሽ የት ደረስሽ?»

«አልደረስኩም።»

«እንግዲያው ድገሚው» አላት፤ በደህና እጁም ባዶውን ወንበር ወደ ራሱ ጎተተላት።