አባላቱ ሁለት ናቸው

ባሌ መሃድ ሞቶ የባል ሐዘን፣ ዒዳ ስቀመጥ አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አልወጣሁም። ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ንግድ ቢሮ ነው። የመኪና መለዋወጫ የምንሸጥበት ማኅበር የእኔና የእሱ ብቻ ነበር፤ ለጨረታ ደግሞ ማኅበሩ ሕጋዊና ያልፈረሰ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጠየቅኩ።

«እናቴ፣ አባላቱ ላይ ለውጥ አለ?» አለኝ ሠራተኛው ቀና ሳይል።

ለውጥማ አለ! አልጋው ሰፍቶኛል። በሶማልኛ የሚቆጣኝ የለም።

«የለም» አልኩት።

ደብዳቤውን ጽፎ ማኅተሙን መታበት። ጨረታው ቦታ ሳልደርስ ባጃጅ ውስጥ አነበብኩት፦ «አባላት፦ መሃድ ዲሪር እና ዴቃ ዐብዲራዛቅ። ማኅበሩ አልፈረሰም።»

ሹፌሩን «ወደ ቤቴ፣ ወደ ሳቢያን መልሰኝ» አልኩት። ጨረታው ይቅር። እንዲህ ያለ ወረቀት ለማንም አሳልፌ አልሰጥም።